ዘንዶው በ«ዘ» ውስጥ አይኖርም

ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አራቱ በምናባቸው ሲጓዙ አምሽተው ረግረጉ አፋፍ ላይ ደርሰዋል። አንዷ «እንግባ» አለች። አምስተኛው ሰው፣ ጨዋታውን የሚመራው፣ ፊቱ ያለውን ወፍራም መጽሐፍ ገለጠ። እዚያ ጭቃ ውስጥ ማን ነው የሚኖረው? ማን ማንን ይበላል? እግር ውኃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን ይሸታል፣ ምን ይሰማል? መጽሐፉ ለዚህ ሁሉ መልስ ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «የምትፈልገው ፍጡር ስሙ በምን ፊደል ይጀምራል?» መሪው ስሙን ቢያውቅማ መጽሐፉን ምን አስከፈተው!

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ይህ ጨዋታ በጋሪ ጋይጋክስ እና በዴቭ አርነሰን ተደርሶ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ጨዋታው ተረት እንደማውራት ነው፤ ልዩነቱ ተረቱን ሁሉም በአንድ ላይ ማውራታቸው ነው። መሪው ቦታውንና በዚያ የሚያጋጥመውን ይናገራል፤ ተጫዋቾቹ ጀግኖቻቸው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ያጠራጠረውን ነገር 20 ጎን ያለው ዳይስ ይቆርጠዋል። መሪው ከማይለያቸው መጻሕፍት አንዱ የፍጡራን መዝገብ ነው፤ ዘንዶው፣ ጎብሊኑ፣ ጋኔኑ፣ ሞቶ የማያርፈው ሁሉ ከነሥዕሉ፣ ከነጠባዩና ከነቁጥሩ የሚገኝበት። መዝገቡ በ1977 ሞንስተር ማኑዋል ተብሎ ከወጣ ወዲህ ስንት ጊዜ ሲሻሻል፣ ዋናው አደራደሩ ከፊደል ተራ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን አደራደር ዛሬ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም። «ታዲያ በምን ሊደረደር ኖሯል?» ነው መልሱ። ፊደል አያዳላም፣ ፊደልን ሁሉም ያውቀዋል፣ ፊደል የተፈለገውን ቶሎ ያስገኛል ይባላል። እኔ ሦስቱንም አልቀበልም። የፍጡራን መዝገብ መደርደር ያለበት በመኖሪያ ነው እላለሁ፤ ረግረጉ ከነነዋሪዎቹ አንድ ምዕራፍ፣ ተራራው ከነነዋሪዎቹ አንድ ምዕራፍ፣ ከተማው፣ ዋሻው፣ ባሕሩም እንዲሁ። የፊደል ተራ ቦታ ከኋላ ነው፣ የስም ማውጫው ላይ።

አስቀድሞ «አባቶቻችን እንዲህ ነው ያቆዩን» የሚለውን ልማደኛ ላናግር። አላቆዩትም። በ1974ቱ ሣጥን ውስጥ ከነበሩት ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ሁለተኛው ስለ ፍጡራንና ስለ ሀብት የሚናገር ነበር፤ ፍጡራኑም በፊደል አልተሰለፉም። መጀመሪያ ሰዎች መጡ፤ ወንበዴው፣ የባሕር ቀማኛው። ከዚያ ጎብሊኖችና ዘመዶቻቸው፣ ከዚያ ግዙፎቹ፣ ከዚያ ሞተው የማያርፉት። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከተራው አጽም ተነሥተው እስከ ደም መጣጩ ቫምፓየር በኃይል ቅደም ተከተል ነበር የሚወጡት። ያን ገጽ ያነበበ መሪ ማንም ሳያስተምረው አንድ ነገር ይገባዋል፤ በመቃብሩ በር ላይ አጽም ካለ፣ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የሚብስ ይመጣል ማለት ነው። አደራደሩ ራሱ ታሪክ ይነግረዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሞንስተር ማኑዋል ሲመጣ ይህ ንግግር ተቋረጠ። 112 ገጽ ያለው፣ ከ350 በላይ ፍጡራን የያዘ ጠንካራ መጽሐፍ ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ አላናንቀውም። ዘንዶዎቹን፣ ጋኔኖቹንና ዲያብሎሶቹን እንኳ በየቤተሰባቸው ሰብስቦ ነው የያዛቸው። ነገር ግን ጥያቄው ተለወጠ። «እዚህ ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ወጣና «ይህ ማን ይባላል?» የሚለው ገባ። በየትኛው ምድር ማን እንደሚያጋጥም የሚናገሩት ሠንጠረዦች ወደ ሌላ መጽሐፍ፣ በ1979 ወደ ወጣው የመሪዎች መመሪያ ተሻገሩ። ፍጡሩ በአንድ መጽሐፍ፣ አገሩ በሌላ መጽሐፍ፤ ሰውን ከመታወቂያው እንጂ ከቀየው አታውቀውም እንደማለት ነው።

ይህ የአንድ ጊዜ ስህተት ቢሆን ባለፍኩት። በ2014 አምስተኛው እትም ሲወጣ ያው ነገር ተደገመ። 352 ገጽ ባለው መዝገብ ውስጥ በፍጡራኑ የቁጥር ሠንጠረዥ ላይ የመኖሪያ መስመር የለም፤ በመኖሪያ የተለየው ዝርዝር የተገኘው ከወራት በኋላ በወጣው የመሪዎች መመሪያ መጨረሻ ላይ ነው። መጽሐፉን የገዛ ሰው ረግረጉ ውስጥ ማን እንደሚኖር ለማወቅ ሌላ መጽሐፍ መግዛት ነበረበት።

እስቲ ያንኑ ረግረግ በ2014ቱ መዝገብ እንግባበት። ጥቁሩ ዘንዶ ረግረግ ይወዳል። ስለ እሱ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ደስ የሚል ነገር ያገኛል፤ እንሽላሊት መሳይ ሰዎች ያመልኩታል፣ መንደር እየዘረፉ ይገብሩለታል፣ በግዛቱ ዳርቻ ምስሉን ያቆማሉ። ክፋቱ ሲበዛ ደግሞ የበሰበሰ እጽ ክምር በራሱ ተነሥቶ መሄድና ሰው መግደል ይጀምራል። ኮቦልድ የሚባሉት ትንንሾቹ ፍጡራን በዋሻው ይርመሰመሳሉ። ይህ የአንድ ምሽት ሳይሆን የአንድ ወር ጨዋታ ነው! ግን ዘንዶው በእንግሊዝኛው «ዲ» ስር ነው፣ ኮቦልዱ በ«ኬ»፣ እንሽላሊት-ሰዎቹ በ«ኤል»፣ የሚሄደው ክምር በ«ኤስ»። ደራሲዎቹ ጎረቤታሞቹን አንድ ላይ አስበው ፈጠሯቸው፤ ፊደል መጥቶ በየአውራጃው በተናቸው። መሪው በአራት ጣት አራት ገጽ ይዞ መቀመጥ አለበት፤ ያውም ዝምድናቸውን አስቀድሞ ካወቀ ነው።

የ2025ቱ እትም ወደ ፊደል ጠጋ አለ እንጂ አልራቀም። ከ500 በላይ ፍጡራን ይዞ፣ ቀድሞ በየቤተሰባቸው የነበሩትን ጋኔኖችና ዲያብሎሶች እንኳ በትኖ እያንዳንዱን በገዛ ስሙ ፊደል ስር አስቀመጠው። ባሎር የሚባለው የጋኔኖች አለቃ «ቢ» ላይ፣ ባለ ስድስት ክንዷ ማሪሊት «ኤም» ላይ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቶሎ እንዲያገኘው። ይህ እትም ግን ለነገሩ ያሰበበት መሆኑንም ልመስክር፤ በየፍጡሩ ስር መኖሪያውን ጽፏል፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይም በመኖሪያ፣ በዓይነት፣ በአስቸጋሪነት ደረጃና በቡድን የተለዩ ዝርዝሮች ጨምሯል። የተቃራኒዎቼ ትልቁ ምሽግ ይኸው ነው፤ «ፊደሉም አለ፣ መኖሪያውም አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይሉኛል።

የምፈልገው መገልበጥ ነው። ስሞችን በመኖሪያ የሚዘረዝር ዝርዝር ከኋላ መግባት ከቻለ፣ ስሞችን በፊደል የሚዘረዝር ዝርዝርም ከኋላ መግባት ይችላል። የወረቀቱ ወጪ አንድ ነው፣ የቀለሙ ወጪ አንድ ነው። ልዩነቱ የትኛው የመጽሐፉን ሆድ፣ የትኛው ጅራቱን ይያዝ የሚለው ነው። የስም ዝርዝር ደግሞ መንደር አይሆንም። «ረግረግ፦ እገሌ፣ እገሌ፣ እገሌ» የሚል ዓምድ የዕድር መዝገብ ያህል ነው፤ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን አጥር በማን መሬት እንዳለፈ አይነግርህም። በፊደል ግን ከስም ሌላ የሚነገር ነገር የለም፤ ስለዚህ በፊደል የተሠራ ዝርዝር ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጎድልበት አንዳችም ነገር የለም። በመኖሪያ የተሠራው ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ነፍሱ ነው የምትወጣው።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቤት አንድ ምስክር ልጥራ። ስንክሳር የቅዱሳን መዝገብ ነው። ስንት ቅዱሳን አሉበት! በፊደል ቢደረደር ኖሮ ስማቸው በአንድ ፊደል የሚጀምረው ሁሉ ጎን ለጎን በተገኙ ነበር። ግን መጽሐፉ ከመስከረም 1 ይጀምርና ዓመቱን እየተከተለ ይሄዳል፤ የጊዮርጊስን ሰማዕትነት የፈለገ ሚያዝያ 23ን ይገልጣል። ለምን? መጽሐፉን የሚከፍተው ሰው ጥያቄ «ዛሬ የማን ነው?» የሚል ስለሆነ ነዋ። ያሰናዱት ሰዎች ፊደል ጠፍቷቸው አይደለም። መጽሐፍ የሚደረደረው በሚከፈትበት ሰዓት እንደሆነ ገብቷቸው ነው። የጨዋታ መሪው ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ የእሱ «ዛሬ» ቦታ ነው፤ ተጫዋቾቹ የቆሙበት ቦታ።

«ፊደልን ሁሉም ያውቀዋል» የሚለውንም እንየው። የትኛውን ፊደል? የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን፣ የገለጠ ሰው ሀለሐመ ብሎ ቢፈልግ ይጠፋበታል፤ እሳቸው የሄዱት በአበገደ ነው። አንድ አገር፣ ሁለት ተራ። ከዚያም በላይ መዝገቡ ቃላትን የሚሰበስበው በግሳቸው ስር ነው፤ «መጽሐፍ» የተባለው ቃል ወገኑ «ጸሐፈ» ነው እንጂ «መ» ስላለው ብቻ ከ«መጋዝ» ጋር አይዛመድም። እንግዲህ የቃላት መዝገብ እንኳ፣ ፊደል ከሁሉ ይልቅ የሚገባው መጽሐፍ፣ በእኛ ዘንድ ዝምድናን ከመልክ አስቀድሟል። ፍጡራንን የሚመዘግበው መጽሐፍ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ነው?

ደግሞ ነገ አንድ ሰው የአማርኛ የፍጡራን መዝገብ ቢያዘጋጅ «ዓሣ» ላይ ምን ሊያደርግ ነው? አንዱ በዐይኑ «ዓ» ይጽፈዋል፣ ሌላው «አሳ» ብሎ በአልፋው «አ» ይጽፈዋል። «ሐ» እና «ሀ» እና «ኀ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሠ» እና «ሰ» በየሰው እጅ ይለዋወጣሉ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ወደ ሌላ ቋንቋ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ተራው ሁሉ ይናወጣል፤ ጎረቤት የነበሩት ይለያያሉ፣ ጨርሶ የማይተዋወቁት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ረግረግ ግን በየትኛውም ቋንቋ ረግረግ ነው። ዘንዶው ስሙ ቢለወጥም ውኃው ውስጥ እንደተኛ ነው።

ፊደል አያዳላም የሚለው አባባል የሚያታልለው እዚህ ነው። ፊደል ያዳላል፤ ለሚያውቅ ያዳላል። አዲስ መሪ «ባሎር» የሚለውን ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ስለዚህ «ቢ»ን ገልጦ አይፈልገውም። እሱ የሚያውቀው በጨዋታው ውስጥ እሳተ ገሞራ እንዳለ፣ ከእሳተ ገሞራው ስርም አንድ ክፉ ነገር እንዲኖር መፈለጉን ነው። የ2014ቱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች አሞራ መሳዮቹን አራኮክራዎች ይዘው ይጀምራሉ፤ የ1977ቱ ደግሞ በአየር ላይ በሚኖር፣ በካህናት ተልኮ በሚሄድ መንፈስ ነበር የጀመረው። ሁለቱም የመጽሐፉን በር የያዙት የጨዋታው መግቢያ ስለሆኑ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ስማቸው በ«ኤ» ስለጀመረ ነው። ጀማሪውን በሩ ላይ የሚቀበለው ዕጣ ነው ማለት ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን ያውቁት ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ የተፈጥሮ ታሪክ በተሰኘው መጽሐፉ ስምንተኛ ክፍል ላይ አስደናቂ አራዊትን ሲዘረዝር አገር እየጠራ ነው። ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ ይሉት በነበረው፣ ከግብጽ ወደ ደቡብ ባለው ሰፊ ምድር፣ ስፊንክስ አለ ይላል፣ ክንፍ ያላቸው ባለ ቀንድ ፈረሶች አሉ ይላል፣ የሰው ድምፅ የሚመስለው ሌውክሮኮታ አለ ይላል፤ በምዕራብ በኩል ባለው ምንጭ አጠገብም ራሱ የከበደው፣ ዓይኑን ያየ ሁሉ የሚሞትበት ካቶብሌፓስ አለ ይላል። ውሸቱ ውሸት ነው። ግን አንባቢው አንድ አገር ነው የሚያየው፤ የሚያስፈራ፣ የሚያስጎመዥ፣ መሻገር የሚያሰኝ አገር። እነዚህ ፍጡራን በ1977ቱ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል፤ ካቶብሌፓስ በ«ሲ»፣ ሌውክሮታ በ«ኤል»፣ ክንፋሙ ፈረስ ፔጋሰስ በ«ፒ»፣ ስፊንክስ በ«ኤስ»። አራዊቱ ተርፈዋል፤ አገሩ ግን ፈርሷል።

ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም አለ፤ ፍሪትስ ሆሜል በ1877 ላይፕሲግ ላይ ያሳተመው፣ ከሞንስተር ማኑዋል ልክ 100 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ይህ መጽሐፍ በየአውሬው መጀመሪያ ጠባዩን ይናገራል፣ ቀጥሎ ያ ጠባይ ለሰው ምን እንደሚያስተምር ይናገራል። አንባቢው ፍጡሩን ለምን እንደሚፈልገው አይረሳም። የሴቪያው ኢሲዶር ደግሞ ከ1,400 ዓመት በፊት ገደማ ባዘጋጀው ባለ 20 ክፍል መጽሐፍ ውስጥ አሥረኛውን ክፍል፣ የቃላቱን፣ በፊደል ደረደረው፤ አሥራ ሁለተኛውን፣ የእንስሳቱን፣ ግን የቤት ከብት፣ የዱር አውሬ፣ እባብ፣ ዓሣ፣ ወፍ እያለ በወገን ለየው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱንም መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ቃልን ለፊደል፣ ሕያውን ለወገኑ ሰጠ። ከዚህ የበለጠ ብይን አላውቅም።

ተቃራኒዎቼ ምስክር አጥተዋል አልልም፤ እንዲያውም ዋናውን ምስክራቸውን እኔው ልጥራላቸው። የዙሪኩ ኮንራድ ጌስነር ከ1551 ጀምሮ ባወጣው ግዙፍ የእንስሳት ታሪክ ጥራዞቹን በትልልቅ ወገን ከለየ በኋላ፣ በየጥራዙ ውስጥ እንስሳቱን በላቲን ስማቸው ፊደል ነው የደረደራቸው። ታላቅ ሊቅ ነው፤ ምክንያቱም ፈልጎ ለማግኘት መመቸቱ ነበር። ይሁንና በ1553 የሥዕሎቹን መድበል ለብቻ ሲያወጣ ፊደሉን ትቶ እንስሳቱን በየወገናቸው አሰለፋቸው። ሥዕል የሚያይ ሰው ሥራው ማነጻጸር እንጂ ስም መፈለግ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። የጨዋታ መሪም ሥዕል የሚያይ ሰው ነው።

ፊደል ያደረሰውን ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን የ1989ኙ ሙከራ ነው። በዚያ ዓመት መዝገቡ በተጠረዘ መጽሐፍ ፋንታ በማኅደር ውስጥ በሚገቡ ልቅ ገጾች ወጣ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ መሪው ለዛሬ ማታ የሚያስፈልጉትን ገጾች አውጥቶ ይዞ ይሄዳል፣ አዲስ ስብስብ ሲወጣ ገዝቶ ይጨምራል። መንደሩን እሱ ራሱ ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ ምን አደናቀፈው? ገጹ እየተቀደደ ማስቸገሩ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ፊደል ነው። በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ሁለት የተለያዩ ፍጡራን ታትመው ስለነበር፣ አዲሶቹ ስብስቦች ሲገቡ ተራው ሊጠበቅ አልቻለም፤ የፊቱን በቦታው ብታስገባው የጀርባው ከቦታው ይወጣል። ሰዎች በፊደል ካልተሰለፈ መዝገብ አይደለም ብለው ስለሚያስቡ፣ ይህ እንደ ትልቅ ጉድለት ተቆጠረ። በ1993 ተመልሶ የተጠረዘ መጽሐፍ መጣ፤ በፊደል። እኔ ግን ስለዚያ ማኅደር ሳስብ አንድ ነገር ይቆጨኛል። ወረቀቱ ፊትና ጀርባ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ታትመው ቢሆን ኖሮ ተራ የሚባል ችግር ባልተነሣ ነበር፤ ወረቀቱ ራሱ መንደር ይሆን ነበር።

አሁን ጎረቤትነት ለምን ይህን ያህል እንደሚያነታርከኝ ልናገር። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ከፍተኛ ሜዳ አለ። ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ ይውላሉ፤ ቀይ ቀበሮዎች በመካከላቸው ይሄዳሉ፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹም። ተመራማሪዎች ቆመው ሲያዩ፣ ቀበሮዎቹ ብቻቸውን አይጥ ሲያድኑ የሚሳካላቸው ከመቶ 25 ጊዜ ነበር፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድኑ ግን ከመቶ 67። ቀበሮው የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። አሁን ይህን ነገር በፊደል የተደረደረ መጽሐፍ ውስጥ የት ልታገኘው ነው? ቀበሮው «ቀ» ላይ ነው፣ ጭላዳው «ጨ» ላይ ነው። ነገሩ ግን የቀበሮውም የጭላዳውም አይደለም፤ የጓሳ ነው። የጓሳ ምዕራፍ ከሌለ ታሪኩ ቤት የለውም።

የዚህ ጨዋታ ጣዕሙም ያው ነው። አንድ ጎብሊን ብቻውን ሲመጣ ተጫዋቾቹ ዳይስ ይጥላሉ፣ ይገድሉታል፣ ያልፋሉ። ጎብሊኖቹ ተኩላ እንደሚጋልቡ፣ ተኩላው እንደሚራብ፣ ጎብሊኖቹም ከዋሻው የወጡት የባሰ ነገር ከታች ስለመጣባቸው እንደሆነ መሪው ካወቀ ግን ተጫዋቹ ምርጫ ያገኛል፤ ይዋጋ? ይደራደር? ተኩላውን ያብላ? የሚያባርራቸውን ይፈልግ? ኪት አማን በ2019 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ፍጡር እንደ ችሎታውና እንደ አስተሳሰቡ እንዴት ሊዋጋ እንደሚገባው ሲያብራራ መሪዎች የተሻሙበት ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገቡ ቁጥር ሰጣቸው እንጂ ጠባይ ስላነሰባቸው ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ጠባይ ካነሰ ጎረቤት ይበልጥ አንሷል።

«በጨዋታው መሃልስ? ውጊያ ተጀምሮ፣ ሁሉም እያየህ፣ ገጽ ስትገላብጥ ልትቀመጥ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የታተሙ ታሪኮችም «በክፍሉ ውስጥ ሦስት እነ እገሌ አሉ» ብለው ስም ብቻ ጠቅሰው ያልፋሉ። መልሴ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የስም ማውጫ ለዚህ ነው የተፈጠረው፤ ስም፣ የገጽ ቁጥር፣ አለቀ። ሁለተኛ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ስልኩ ላይ ጽፎ ከመጽሐፉ ቀድሞ ያገኘዋል፤ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የሚባለው አገልግሎት ከ2017 ጀምሮ ይህንኑ ይሠራል። በፊደል የተደረደረ ወረቀት ከማሽን ጋር ማሽኑ በሚበልጠው ሥራ የሚሽቀዳደም ነው። ወረቀት የሚበልጠው በሌላ ነው፤ አንዱን ስትፈልግ ሌላውን በማሳየት። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ በውጊያ መሃል የሚከፈተው ለደቂቃ ነው፤ በዝግጅት ሌሊት የሚከፈተው ለሰዓታት ነው። ለደቂቃዋ ብሎ ሰዓታቱን የሚቀጣ አደራደር ምን ዓይነት ምቾት ነው?

«ብዙ ቦታ የሚኖረውስ?» ይሉኛል። ወንበዴ በከተማም በጫካም አለ፤ ተኩላ ደጋም ቆላም ይወርዳል። እውነት ነው። ግን ሁሉም ቦታ የሚኖር ፍጡር ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ወንበዴ ዋናው ቤቱ መንገድ ነው፤ እዚያ አስቀምጠውና ከሌሎቹ ምዕራፎች በአንድ መስመር አመልክት። «መንገደኞች» የሚል አንድ ምዕራፍም ይበቃል፤ ቤት የሌለው ሁሉ እዚያ ይሰብሰብ። ጋኔኖቹና ዲያብሎሶቹ ደግሞ ችግር የለባቸውም፤ የየራሳቸው ዓለም አላቸው፣ እሱ ራሱ ምዕራፍ ነው። «እኔ ዓለሜን በራሴ ነው የምፈጥረው፤ የእኔ ዘንዶ በረሃ ይኖራል» የሚለውም ይፍጠር። የተጻፈን ነገር መለወጥ ካልተጻፈ ባዶ ነገር ከመፍጠር ይቀላል። ፊደል ነፃነት አልሰጠውም፤ ሥራውን ሁሉ ትከሻው ላይ ጣለበት እንጂ።

መካከለኛ መንገድ የሚሹም አሉ። አምስተኛው እትም ፍጡራኑን በ14 ዓይነት ይከፍላቸዋል፤ በዓይነት ይደርደር ይላሉ። ከፊደል ይሻላል፤ ግን ከ14ቱ አንዱ ለሌሎቹ ያልተስማማው ሁሉ የሚወረወርበት የ«አስፈሪ ፍጡር» ሣጥን ነው። በአስቸጋሪነት ደረጃ ይደርደር የሚሉትን ደግሞ ዝም ብዬ አልፋቸዋለሁ፤ መጽሐፉን የሸቀጥ ዋጋ ዝርዝር ያደርጉታል።

የምመኘው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በሁለት ገጽ ምድር ይከፈታል፤ ሥዕሉ የፍጡር ሳይሆን የቦታ ሥዕል ነው። ከስሩ ማን ማንን እንደሚበላ፣ ማን ለማን እንደሚገብር፣ ማን ከማን ጋር ውኃ እንደሚጋራ አጠር ተደርጎ ይጻፋል። ቀጥሎ ፍጡራኑን ከማየት በፊት የሚታየው ይዘረዘራል፤ ዱካው፣ ሽታው፣ ሌሊት የሚሰማው፣ የተበላው ከብት ቅሪት። ከዚያ ነዋሪዎቹ ይመጣሉ፣ በየቀኑ ከሚታየው ጀምሮ በሰው ዕድሜ አንዴ እስከሚታየው። ተራ እንቁራሪት መሳዩ ጎረምሳ መጀመሪያ ላይ፣ ጥቁሩ ዘንዶ መጨረሻ ላይ። ምዕራፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበበ ሰው ረግረጉን አቋርጧል ማለት ነው። ጨዋታው ደግሞ ሌላ ምንድን ነው?

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሁለት ዝርዝሮች ይኑሩ፤ አንዱ በስም፣ አንዱ በአስቸጋሪነት ደረጃ። ፊደል ከቤት አይባረርም፤ አስተናጋጅ ሆኖ በር ላይ ይቆማል። እስከ ዛሬ ጌታ ሆኖ አልጋው ላይ ነበር የተኛው።

ገበሬው ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ ምድርን የከፈለበት አገር ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ልጅ ሆነን «ጅብ የት ነው ያለ?» ብንል «ከገደሉ ማዶ፣ ሲመሽ ይወጣል» ነው የተባልነው፤ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ የተነገረን ትምህርት ቤት ከገባን በኋላ ነው። በአማርኛ የፍጡራን መዝገብ ለማዘጋጀት የምታስቡ ጸሐፊዎች ካላችሁ፣ ዘንዶውንም፣ ጭራቁንም፣ ጋኔኑንም ለመጻፍ ብዕር ያነሣችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። መጀመሪያ ገደሉን ጻፉ፤ ጅቡ ራሱ ይመጣል።